ሜልቪንያ፦ ስሟ ከንብረት መዝገብ ውስጥ የተገኘው እናት

ሰው ሲሞት የሚሞላ ቅጽ አለ። የሟቹ ስምና ዕድሜ፣ ቀጥሎም የአባትና የእናት ስም ይጠየቅበታል። በ1938 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ኪንግስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አረፉ። ቅጹን ያስሞላው ዘመዳቸው ከወላጆች ስም ላይ ሲደርስ «አላውቅም» ብሎ አስመዘገበ።

ከዘጠና ዓመት በላይ የኖሩ፣ ወልደው ያሳደጉ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ሲሞቱ እናታቸው ማን እንደነበሩ የሚናገር ሰው ጠፋ። ምናልባትም ሟቿ ራሳቸው አያውቁ ነበር።

እኒህ ሴት ሜልቪንያ ሺልድስ ይባላሉ። ከ2009 እስከ 2017 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባለቤት ሆነው በዋይት ሐውስ የኖሩት ወይዘሮ ሚሼል ኦባማ፣ እናታቸውን አንድ ብለው ወደ ላይ ሲቆጥሩ አምስተኛዋ ላይ የሚያገኟቸው ሴት ናቸው። ወይዘሮ ሚሼል ባይኖሩ የሜልቪንያን ስም ማንም አያነሣውም ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በ1860 በአሜሪካ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በባርነት ይኖር ነበር፤ የእነዚያ ሁሉ እናቶች ኑሮም ከዚህ ብዙ የሚርቅ አልነበረም። እኔንም ለመጻፍ ያነሣሣኝ የዋይት ሐውሱ ጉዳይ አይደለም። ማንበብና መጻፍ የማትችል፣ አንድ ደብዳቤ እንኳ ያልተወች የገጠር ሴት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ እንዴት ልትገኝ ቻለች? የሚያስገርመው ይህ ነው።

ፍለጋውን ያካሄዱት ሜጋን ስሞሌንያክ የተባሉ የዘር ሐረግ አጥኚ ናቸው። ውጤቱም በ2009 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወጣ። የጋዜጣው ባልደረባ የነበሩት ሬቸል ስዋርንስ ደግሞ ምርመራውን ገፍተውበት በ2012 በመጽሐፍ አሳተሙት። ሥራው የሚጀመረው ከሚታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው ነው። የወይዘሮ ሚሼል እናት ወይዘሮ ማሪያን በ1937 በሺካጎ ተወለዱ። የማሪያን አባት ፐርነል ሺልድስ፣ የፐርነል አባት ሮበርት ሊ ሺልድስ፣ የሮበርት አባት ዶልፈስ ሺልድስ፣ የዶልፈስ እናት ሜልቪንያ። እዚህ ሲጻፍ አንድ መስመር ነው። ሲፈለግ ግን ለእያንዳንዱ ስም የልደቱ፣ የጋብቻው፣ የሞቱና የሕዝብ ቆጠራው መዝገብ እየተገለጠ አንዱ ከሌላው መመሳከር አለበት።

በዚያ አገር ሴትን በመዝገብ ማፈላለግ ከወንድ ይልቅ ይከብዳል። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች። እዚያ ግን ካገባችበት ዕለት አንሥቶ በባሏ የቤተሰብ ስም መጠራት የቆየ ልማድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካገባች በሦስት ስም ትፈለጋለች ማለት ነው። በዚያ ላይ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በ1790 ሲጀመር በስሙ የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር። ሚስትና ልጆች በቁጥር ብቻ ይገቡ ነበር። የነፃ ሰዎች ሁሉ ስም በየግላቸው መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። የ1890ው ቆጠራ ደግሞ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። ስለዚህ በ1880 በአባቷ ቤት የተቆጠረች ልጅ በ1900 በሌላ ስም፣ በሌላ አውራጃ፣ የልጆች እናት ሆና ብትቆጠር መሐሉን የሚናገር የቆጠራ ወረቀት የለም።

ይህ ሁሉ ግን የነፃ ሰዎች ችግር ነው። የባሮቹ ይብሳል። በ1850ና በ1860 ባሮች የተቆጠሩት በተለየ መዝገብ ሲሆን፣ ከላይ የጌታው ስም ይጻፍና ከሥር ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም ይደረደራል። ስም የለም። ነፃ የወጡት ሰዎች እንደማንኛውም ዜጋ በስማቸው የተጻፉት በ1870 ቆጠራ ነው። የዘር ሐረግ አጥኚዎች ይህን ዓመት እንደ ግድግዳ ያዩታል። ከግድግዳው ወዲያ ለመሻገር የባሪያውን ሳይሆን የጌታውን ወረቀት መፈለግ ግድ ነው፤ ኑዛዜውን፣ የውርስ ግምቱን፣ የሽያጭ ውሉን። የባሪያ ስም ይጻፍ የነበረው ንብረት በሚከፋፈልበት ጊዜ ነበርና።

የሜልቪንያም ስም የተገኘው እንዲሁ ነው። በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ስፓርታንበርግ በተባለው አውራጃ ዴቪድ ፓተርሰን የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነበረ። በ1850 ንብረቱን ለወራሾቹ ሲያከፋፍል ጥጥ መፍተያውን፣ ማጭዱን፣ የጠረጴዛ ልብሱን፣ ከብቱን ሁሉ አስጻፈ። ሜልቪንያ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅም ከእነዚሁ ጋር ተጻፈች። ፓተርሰን በ1852 ሞተ። ገማቾች ንብረቱን ሲተምኑ ልጅቷን 475 ዶላር አወጡላት።

እስቲ በቤታችሁ ያለውን የስድስት ዓመት ልጅ አስቡት። የወተት ጥርሱ መነቃነቅ የሚጀምርበት፣ ማታ ማታ ከእናቱ ጉያ የማይጠፋበት ዕድሜ ነው። ገማቹ ታዲያ ያን ያህል ገንዘብ የጻፈው ልጅቷ ያን ጊዜ ለምትሠራው ሥራ አልነበረም። በ1662 በቨርጂኒያ የወጣ አንድ ሕግ የልጅ ዕጣ እናቱን ይከተላል ይል ነበር፤ ሌሎቹም የባሪያ ግዛቶች ይህንኑ ተቀብለውታል። አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ እናቱ ባሪያ ከሆነች ልጁ የእናቱ ጌታ ንብረት ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ ስትወረስ ገና ያልተወለዱት ልጆቿም አብረው ይወረሳሉ። ከ475 ዶላሩ ውስጥ ዶልፈስም፣ እህት ወንድሞቹም ነበሩበት ብል አላጋነንኩም።

ፓተርሰን ከሞተ በኋላ ልጅቷ ለሴት ልጁ ለክሪስቲያንና ለባሏ ለሄንሪ ሺልድስ ደረሰች። ተወስዳ የሄደችው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው፣ በጆርጂያ ግዛት ሬክስ በሚባለው መንደር አጠገብ ወዳለው እርሻቸው ነው። በፓተርሰን ዘንድ ሳለች ከሃያ አንድ ባሮች አንዷ ነበረች። ማንነታቸው በወረቀት ባይሰፍርም በመካከላቸው የሚያውቋት፣ የሚያቅፏት፣ ከተረፋቸው የሚያካፍሏት ሰዎች መኖራቸው አያጠራጥርም። በሺልድስ እርሻ ግን ባሮቹ ሦስት ብቻ ነበሩ።

የ1860ው የእርሻ ቆጠራ የዚያን ቤት ኑሮ በቁጥር ያሳየናል። መሬቱ 200 ኤከር ነው፤ በእኛ የቀድሞ አለካክ ሁለት ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ጥጥ ይዘራበታል። ሦስት ፈረስ፣ አምስት ላም፣ አሥራ ሰባት አሳማ፣ ሃያ በግ ነበረ። ሦስት ባሮች ባሉበት እርሻ «እኔ የቤት ነኝ፣ አንተ የመስክ ነህ» የሚባል ክፍፍል እምብዛም አይኖርም። ጠዋት አሳማ የመገበች ልጅ ቀን ጥጥ ትለቅማለች፣ ማታ ውኃ ትቀዳለች። የገጠር ሥራ የምታውቁ እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ትረዱታላችሁ።

በ1859 ገደማ ሜልቪንያ ዶልፈስን ወለደች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆን ነው። ሕፃኑ ክልስ ነበር፤ አባቱ ነጭ ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ሄንሪ ሺልድስ አርባዎቹን ዓመታት ወደ መጨረስ የተቃረበ ሲሆን፣ ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ አራት ዓመት የሆኑ አራት ወንዶች ልጆች ነበሩት።

ታሪኩ ከታወቀ ወዲህ «ምናልባት ተዋደው ይሆናል» የሚል አስተያየት አልጠፋም። እኔ ይህን ለመቀበል ይከብደኛል። የደቡብ ግዛቶች ሕግ ባሪያ ሴትን መድፈር እንደ ወንጀል አይቆጥረውም ነበር። እምቢ ብላ ወዴት ትሄዳለች? ለማንስ ትከሳለች? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚያዝዛትና የሚመግባት፣ ሊሸጣትም የሚችል ቤተሰብ አባል ከሆነ ወንድ ጋር «ተስማማች» ማለት ቃሉን ያለ ቦታው መጠቀም ነው።

ጦርነቱ በ1861 ተጀምሮ በ1865 አለቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን በመላው አገር ሻረ። በ1870 ቆጣሪው ወደ ሜልቪንያ ቤት ሲመጣ ስሟን ጠየቀና ጻፈ። ሥራዋ የእርሻ ሠራተኛ፣ ልጆቿ አራት። ከአራቱ ሦስቱን «ክልስ» ሲል መዘገባቸው። ያን ጊዜ ቆጣሪው በዓይኑ አይቶ እንደመሰለው ይጽፍ ስለነበር ይህ ቃል ሁልጊዜ አስተማማኝ አይደለም። ሆኖም ከልጆቹ አንዱ የተወለደው ነፃነት ከታወጀ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የምትኖርበት መሬት ደግሞ ከሄንሪ ልጆች አንዱ ከሆነው ከቻርልስ ሺልድስ መሬት ጋር የተዋሰነ ነበር። ለልጆቿ ያወጣችላቸውም የቤተሰብ ስም «ሺልድስ» ነው።

ነፃ ከወጣች ለምን እዚያው ቀረች? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መሬት የላት፣ ፊደል የላት። በጆርጂያ በ1829፣ በሳውዝ ካሮላይና በ1834 የወጡ ሕጎች ባሪያን ማንበብ ማስተማርን ከልክለው ነበር። አራት ሕፃናት ይዛ፣ በጦርነት በተቃጠለ አገር፣ ወደማታውቀው መንገድ ለመውጣት መጀመሪያ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ሥራ ፍለጋ ልጅ አዝላ ከተማ የገባች እናት ይህን አታጣውም።

በኋላ ግን ወጣች። በሠላሳዎቹ ወይም በአርባዎቹ ዕድሜዋ መሆኑን የቆጠራው መዝገብ ያመለክታል። ከዚህ በኋላ እኔም ወይዘሮ እላቸዋለሁ፤ በሕይወት ሳሉ ያን አገር የሚገዙት ሰዎች ለጥቁር ሴት ይህን ማዕርግ አይሰጡም ነበርና።

ወይዘሮ ሜልቪንያ የሄዱት ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ፣ ወደ አላባማ ወሰን በሚያመራው አቅጣጫ ወደሚገኘው ባርቶው አውራጃ ነው። እዚያ ማርያና ቦለስ ኢዝሊ የተባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ወይዘሮ ስሞሌንያክ መዝገቡን ሲያመሳክሩ እነዚህ ሰዎች ባዳ ሆነው አላገኟቸውም። በስፓርታንበርግ፣ በፓተርሰን እርሻ፣ ሜልቪንያ ሕፃን ሳለች አብረዋት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ከተለያዩ በኋላ በሌላ ግዛት፣ በአንድ ሰፈር ተገናኙ። ቆየት ብሎም ዶልፈስ የእነዚህን ሰዎች ልጅ አሊስን አገባ። የወይዘሮ ሚሼል ዘር የሚወርደው ከዚህ ጋብቻ ነው።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የያዘኝ ይህ ነው። በዚያን ዘመን የጠፋ ዘመድ መፈለግ የአገር ሙሉ ሰው ሥራ ነበር። በኒው ኦርሊንስ ይታተም የነበረው ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት የሚባል ጋዜጣ ከ1877 ጀምሮ «የጠፉ ወዳጆች» የተሰኘ ዓምድ ነበረው። የተሸጠችበትን ዓመት፣ የጌታዋን ስም፣ የእህት ወንድሞቿን ስም እየዘረዘረች «እናቴን ያየ» የምትል ሴት ቃሏን ታስጽፋለች። ደንበኛ ያልሆነ ሰው ለአንድ ማስታወቂያ 50 ሳንቲም ይከፍላል። ሰባኪዎችም ዓምዱን በየቤተ ክርስቲያናቸው ለምእመናን እንዲያነቡት ይጠየቁ ነበር። ጽሑፎቹ ዛሬም ተጠብቀው ይገኛሉ። ከፈለጉት ውስጥ ብዙዎቹ አላገኙም። ወይዘሮ ሜልቪንያ እናታቸውን ባያገኙም እናታቸውን ሊያውቁ የሚችሉ ሰዎችን አገኙ፤ ከእነርሱም ጋር ተዛመዱ።

ዶልፈስ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ከ1888 በፊት አሊስን ይዞ ወደ በርሚንግሃም፣ አላባማ ገባ፤ ከተማዋ በብረት ሥራና በባቡር ሐዲድ የምታድግበት ጊዜ ነበር። አቶ ዶልፈስ አናጢ ሆኑ። በኋላም የራሳቸውን የእንጨት ሥራና የመሣሪያ መሳያ ቤት ከፈቱ፤ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖችንም ከሌሎች ጋር አቋቋሙ። በሰኔ ወር 1950 በዘጠና አንድ ዓመታቸው ሲሞቱ፣ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ሰሞን በባቡር ምግብ ቤትና በከፍተኛ ትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭን መለየትን የሚቃወሙ ውሳኔዎች ሰጥቶ ነበር። አባታቸው ማን እንደነበር ግን ለዘመድ የሚናገሩት ነገር አልነበረም።

ይህን የፈታው ወረቀት ሳይሆን ደም ነው። ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የዘር መለያ ሲሆን፣ ከአንድ ሰው የወረዱ ዘመዳሞች ከእርሱ ጥቂት ጥቂት ይጋራሉ፤ ዝምድናው በራቀ ቁጥር የሚጋሩት እያነሰ ይሄዳል። ወይዘሮ ስዋርንስ መጽሐፋቸውን ሲያዘጋጁ ከጥቁሮቹም ከነጮቹም ሺልድሶች የተወለዱ ሰዎች ተመረመሩ። ሁለቱ ወገኖች በእርግጥ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ምርመራው ብቻውን ከወንድማማቾች መካከል አንዱን ነጥሎ ለማውጣት ያዳግተዋል። ከመዝገቡ ጋር ሲዳመር ግን የዶልፈስ አባት የጌታዋ ልጅ ቻርልስ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት ጸና።

ከነጮቹ ዘሮች መካከል ይህን መስማት የከበዳቸው ነበሩ። ስለ ፕሬዚዳንት ቤተሰብ ዘመድነት መስማት ደስ ይላል፤ ዝምድናው የመጣበትን መንገድ መስማት ሌላ ነገር ነው። እንዲህም ሆኖ ፈቅደው የተመረመሩት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል እላለሁ፤ ያለ እነርሱ ነገሩ በሐሜት ይቀር ነበር።

በ2012 ሰኔ ወር በሬክስ ለሜልቪንያ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከሳውዝ ካሮላይና መምጣቷንና ከእሷ የጀመረው የትውልድ ጉዞ የት እንደደረሰ ተጽፎበታል። የሺልድስ እርሻ የነበረበት ቦታ ዛሬ የመኖሪያ ቤቶች ሰፈር ሆኗል።

የአቶ ዶልፈስ የልጅ ልጅ ፐርነል በሺካጎ ቀለም ቀቢ ሆነው ልጆቻቸውን አሳደጉ። ከእነዚያ አንዷ ማሪያን በጸሐፊነት እየሠሩ ሁለት ልጆች አሳድገው ለቁም ነገር አብቅተዋል። ልጃቸውና አማቻቸው ለምርጫ ዘመቻ ከከተማ ከተማ ሲዞሩ የልጅ ልጆቻቸውን ራት የሚያበሉ፣ የሚያስተኙ እሳቸው ነበሩ። በጥር 2009 ቤተሰቡ ወደ ዋይት ሐውስ ሲገባም አብረው ገቡ፤ ያረፉት በ2024 በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። በዚያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠዋት ጠዋት ሥራቸው ሁለቱን ልጆች ይዞ ትምህርት ቤት ማድረስ ነበር። ታናሽየዋ ሰባት ዓመቷ ነበር።